«ሬፉጂ ቦይ»ን ከልጆች ጋር ማንበብ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ዝግጅት የሥነ ጽሑፍ መምህሩ እንግዳችን የቤንጃሚን ዘፋንያን «ሬፉጂ ቦይ» የተመለከቱ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ይህ የወጣቶች ልቦለድ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆኑትን፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት አባቱ እንግሊዝ አገር ትቶት የተመለሰውን የ14 ዓመት ልጅ፣ የዓለም ኬሎን ታሪክ ይተርካል።

ጥያቄ፦ (እናት፣ ከለንደን) የልጄ አስተማሪ በክፍሉ ፊት «የዚያ አገር ልጅ ነህና ስለ ጦርነቱ አንተ ንገረን» ብላው ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አይከፍትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቅድሚያ ዝም ማለቱ ጥፋት እንዳልሆነ ይንገሩት። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ተቀስቅሶ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ሲቋጭ ልጅዎ አልተወለደም፤ ቤተሰቡ ያየው መከራ ቢኖር እንኳ ለክፍል ጓደኞቹ የማውራት ግዴታ የለበትም። ለአስተማሪዋ አጭር ደብዳቤ ይጻፉና ልጁ እንደማንኛውም ተማሪ ከመጽሐፉ ብቻ እንዲጠየቅ ያሳስቡ። ታሪካዊውን ዳራ ማስረዳት የእርሷ ሥራ ነው፤ በዚያን ጊዜ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ በብዙ ሺዎች መባረራቸውን ያልተማረ ክፍል፣ የዓለም ቤተሰብ በሁለቱም አገር መኖሪያ ያጣበት ምክንያት አይገባውም።

ጥያቄ፦ (የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ) ከተማሪዎቼ መካከል በቅርብ ዓመታት ጦርነት ተፈናቅለው የመጡ አሉ። ወገን ለይተው እንዳይጣሉ እየሰጋሁ መጽሐፉን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ደራሲው ራሱ ከጀመረበት ይጀምሩ፤ ለስጋትዎ ከዚያ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። መጽሐፉ በሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ይከፈታል። በመጀመሪያው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ወታደሮች በሌሊት በሩን ሰብረው ይገቡና አባትየውን ከጠላት ወገን ሴት ጋር በመኖሩ ከሃዲ ይሉታል፤ በሁለተኛው፣ ኤርትራ ውስጥ፣ ያው ድርጊት በአብዛኛው በእነዚያው ቃላት ተደግሞ ስድቡና ማስፈራሪያው በእናትየው ላይ ይዞራል። ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን አባዝተው ያድሉና ተማሪዎቹ የተለወጡትን ቃላት ብቻ እንዲያሰምሩ ያድርጉ። የሚሰመረው ጥቂት መሆኑን ሲያዩ፣ ማን በደለ የሚለው ክርክር ሳይነሳ፣ ደራሲው ትዕይንቱን ለምን ደገመው ወደሚለው ጥያቄ ይሻገራሉ፤ እኔ የምመርጠውም ይህን ውይይት ነው። የተፈናቀሉትን ልጆች «ከራሳችሁ ሕይወት ጻፉ» አይበሏቸው። የሚጽፍ ቢኖር ግን ጽሑፉ ለእርስዎ ብቻ ይሁን፤ በክፍል አይነበብ። ጮክ ብሎ ማንበቡንም በፈቃደኞች ብቻ ያድርጉት፤ የበር መሰበር ድምፅ ለአንዳንዱ ልጅ ልቦለድ አይደለም።

ጥያቄ፦ (አባት፣ ከሊድስ) እናትየዋም አባትየውም ይሞታሉ። ለ13 ዓመት ልጅ ይህ አይከብድም? ቢዘለልስ?

መልስ፦ ይከብዳል፤ መዝለሉ ግን አይበጅም፤ ምክንያቱም ዓለም በአገሪቱ እንዲቆይ የሚፈቀድለት ወላጆቹን ካጣ በኋላ ነው፤ የደራሲውም ክስ ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሚሻለው ልጁን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው፤ ሞት እንዳለ ከንባቡ በፊት ይነገረው፤ ልጁ ሐሳቡን ብቻውን ይዞ ቅዳሜና እሑድን እንዳያሳልፍም ምዕራፉ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይነበብ። እርስዎ ባሉበት በሊድስ ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2013 በለምን ሲሳይ ተዘጋጅቶ ለመድረክ በቅቷል፤ ለምን ሲሳይ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ በአሳዳጊ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ገጣሚ በመሆኑ፣ ዓለም ከአሳዳጊዎቹ ከፊትዝጄራልድ ቤተሰብ ጋር የሚኖርበትን ክፍል ከተውኔቱ ጋር እያነጻጸራችሁ ብታነቡት ልጅዎ ከሞቱ ሌላ ብዙ የሚያወራበት ነገር ያገኛል።