ሲሞቅ የሚረጋ መድኃኒት
(በኮምቦልቻ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት (ኬሞቴራፒ) መላ አካልን ስለሚያዳርስ ጤነኛ ሕዋሳትንም ይጎዳል፤ የፀጉር መርገፍ፣ የአፍ መቁሰልና የነጭ የደም ሕዋሳት መቀነስ የሚመጡት ከዚሁ ነው። ዛሬ የምናገረው መድኃኒቱን ዕጢው ካለበት ቦታ አቆይተው ቀስ በቀስ ስለሚለቁ ጄሎች ነው።

ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ከእነዚህ ጄሎች አንዳንዶቹ ግን ሲሞቁ ይረጋሉ። ፖሎክሳመር 407 የተባለው ፖሊመር (በረጅም ሰንሰለት መልክ የተያያዘ ሞለኪውል) በቀዝቃዛ ውኃ ይሟሟል፤ ሙቀቱ ሲጨምር የሰንሰለቱ መካከለኛ ክፍል ውኃን መሸሽ ስለሚጀምር ሰንሰለቶቹ ተሰባስበው ጥቃቅን ድብልብሎች ይሠራሉ፤ በውኃው ያለው የፖሊመሩ መጠን በቂ ከሆነም ድብልብሎቹ ተጠጋግተው ሲደረደሩ ፈሳሹ መፍሰሱን ያቆማል።

ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ሚቶማይሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት የያዘውንና ጄልማይቶ የተባለውን ጄል፣ በላይኛው የሽንት መተላለፊያ (ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወስደው መንገድ) ለሚከሰት ዝቅተኛ ደረጃ ካንሰር ፈቅዷል። በውኃ የተበጠበጠ ሚቶማይሲን እዚያ ቢጨመር ሽንት ቶሎ ጠርጎ ያወርደዋል፤ ጄሉ ግን ቀዝቅዞ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ይገባና በሰውነት ሙቀት ረግቶ ለሰዓታት ይቆያል። በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንታት ተሰጥቶ፣ በጥናቱ ከተካተቱት 71 ታካሚዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዕጢው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በአንጻሩ የሽንት ቱቦ መጥበብ በብዙዎች ላይ ስለታየ፣ መድኃኒትን አንድ ቦታ ማቆየት ጉዳቱንም እዚያው ማቆየት ሊሆን እንደሚችል አንዘንጋ።

የዕጢን አሲዳማነት ለይተው መድኃኒት የሚለቁ ጄሎችም አሉ። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) 7.4 ገደማ ሲሆን በብዙ ዕጢዎች ዙሪያ ከ7 በታች ይወርዳል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ፣ በአንድ ዕጢ ውስጥ እንኳ ወጥ ያልሆነ በመሆኑ፣ እኔ ተስፋዬን በሙቀቱ ላይ ብጥል እመርጣለሁ።

ለእኛ የሚያሳስበው ዝግጅቱ ነው። እንዲህ ያለው ጄል ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ታካሚው ዘንድ ሳይደርስ ሲሪንጅ ውስጥ ሊወፍር ይችላል። የደሴ ብርድ ለዚህ ሳያግዝ አይቀርም፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ያለ በረዶ የሚሞከር አይደለም። የክር ማጠንከሪያ ሙጫን ውፍረት መለካት የምታውቁ የጨርቃ ጨርቅ ተማሪዎች ከፋርማሲ ተማሪዎች ጋር ሆናችሁ፣ ጄሉ በ5፣ በ25ና በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዴት እንደሚፈስ ብትለኩ መልካም ጅምር ይሆናል። የካንሰር መድኃኒት ልዩ የአየር ማስወገጃ ያለው ክፍል ስለሚፈልግ፣ ለጊዜው በምትኩ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ፣ ጄሉ ከተቀመጠበት ውኃ ውስጥ በየሰዓቱ የሚወጣውን የቀለም መጠን መዝግቡ።

አመሰግናለሁ።