ጨለማው የሌሊት፣ ጥፋቱ የቀን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ወሊድ ነው የማወራው። ይሄ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየን አዋላጇ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ በዚያ ብርሃን ስታዋልድ ነው። ምን ታድርግ፣ ሁለቱም እጇ ተይዟል! እኔን ግን ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ ፍሪጅ ነው።

ልጁ እንደተወለደ፣ ሆድ ውስጥ ሌላ ልጅ አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ እናትየው ጭኗ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። ማህፀኗ ተኮማትሮ ደሙን እንዲይዝ ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። መብራቱ ጠዋት ሄዶ ማታ ሲመጣ፣ ነገም እንደዚያው ሲሆን፣ በተለይ እንደ ጋምቤላና አፋር ባለ ሙቀት፣ ጉልበቱ እያለቀ ይሄዳል። ክፋቱ ደግሞ መልኩ አይለወጥም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያው ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ከሳምንታት በኋላ አንዷ ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል፣ የዚያን ሰሞን መብራት ማን ያስታውሳል? ምናልባት በዚያች ሰዓት ክፍሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

የክትባቱ ፍሪጅ በሶላር የሚሠራ ከሆነ ኦክሲቶሲኑ እዚያ ይግባ። «የክትባት ነው፣ አይነካም» የሚል ክርክር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን አብሮ መቀመጡን ይደግፋል። ፍሪጅ ጭራሽ የማይታመንበት ቦታ፣ ሙቀት የሚችለው ካርቤቶሲን፣ 100 ማይክሮግራም፣ አለ፤ እሱ ለመከላከል ብቻ ነው፣ የጀመረን ደም ለማከም አይደለም። እሱም ከታጣ ሚሶፕሮስቶል፣ ባለ 200 ማይክሮግራሙን 3 ፍሬ በአፍ። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ያመጣል፤ እናትየው አስቀድማ ትወቀው።

መሣሪያ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው አውቶክሌቭም እንደዚሁ ያታልላል። የተጠቀለለ መሣሪያ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። መብራቱ 25ኛው ላይ ከሄደ ቀሪዋን 5 መሙላት አይሠራም፤ እንደገና ከዜሮ።

መብራት ሲጠፋ ወደምንጠቀምበት ባትሪ ልምጣ። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የተጻፈበት 1,200 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ 600 በሉት። 350 ዋት የሚበላ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ማሽን) ከ2 ሰዓት በታች ይጨርሰዋል። ባለ 10 ዋት 4 የኤልኢዲ አምፖሎች ግን ሌሊቱን ያድራሉ። ስለዚህ ባትሪው ለብርሃን ይቀመጥ፤ ለኦክስጅን መጠባበቂያው ሲሊንደር ነው። ታፍኖ ለተወለደ ሕፃን መጀመሪያ የሚያስፈልገው አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት) መብራት አይጠይቅም፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ማየት ግን ይጠይቃል። የሠራተኛው ስልክ እዚያ ባትሪ ላይ ቻርጅ ባይደረግ ደስ ይለኛል!

መብራት እንደሄደ ፍሪጁንም ኮንሰንትሬተሩንም ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ 10 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ብልጭ ድርግም የሚለው ነው። ፍሪጁን መልሶ መሰካት እንዳይረሳም ማስታወሻ በሩ ላይ ይለጠፍ።