አንድ መንገድ ያላት ከተማ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬም ከደሴ ነኝ። ውጭው ጉም ነው፣ ክፍሉም ይቀዘቅዛል፤ ድምፄ ቢሻክር ታገሡኝ።

የዛሬው ጉዳዬ መንገድ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ስለ መንገድ ወሬ ሲነሣ ጨዋታው ወዲያው «ጠበበን፣ ይስፋልን» ወደሚለው ያመራል። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ይህ የምናማርረው ጥበት ለአውቶቡስ የተመቸ ነው ባይ ነኝ።

የደሴን አቀማመጥ አስቡት። በምዕራብ ጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ በመካከሉ ቦርከና ወንዝ። ከተማዋ ወደ ጎን መስፋት ስላልቻለች በሸለቆው ውስጥ ረዘመች። ከኮምቦልቻ የሚመጣው አስፋልት ሰንጥቋት አልፎ ወደ ሐይቅና ወልዲያ ይወጣል። የአገር አቋራጭ አውቶቡሱም፣ ከባድ መኪናውም፣ ባጃጁም፣ ለሰኞ ገበያ በግ እየነዳ የሚመጣው ገበሬም የሚገናኙት እዚያው ላይ ነው። እናስፋው ብንል አንዱ ወገን ዳገት፣ ሌላው ወንዝ፤ የቀረው ደግሞ የሰው ቤትና ሱቅ ነው።

ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ዙሪያውን ተበትና በሰፋች ከተማ አውቶቡስ የሚያሰማራ ሰው በየአቅጣጫው መስመር ሲዘረጋ ይውላል። ደሴ ላይ አንድ ጥሩ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሮጥ፣ ብዙው ሰው ጥቂት ተራምዶ ይደርስበታል። የብራዚሏ ኩሪቲባ በ1974 እ.ኤ.አ. ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ስትከፍት፣ ከተማዋ በጥቂት ረጃጅም መስመሮች ላይ እንድታድግ አስቀድማ አቅዳ ነበር። ለእኛ ያንን ቅርጽ ተራራው በነጻ ሰጥቶናል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ባጃጅ ሦስት ተሳፋሪ ይይዛል፤ ከሾፌሩ ጎን የሚሸጎጠውን ትርፍ አልቆጠርኩም። ስልሳ ሰው ለማጓጓዝ ሃያ ባጃጅ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱ ባጃጅ ከ2.5 ሜትር ይበልጣል፤ ሃያውን አፍንጫ ለአፍንጫ አጠጋግታችሁ ብታሰልፏቸው ከ50 ሜትር በላይ አስፋልት ይይዛሉ። ያንኑ ስልሳ ሰው፣ ከፊሉን በወንበር ከፊሉን በቁም፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የከተማ አውቶቡስ ይወስደዋል። መንገዱ ጠቦ ሳይሆን የምንሞላበት ዕቃ ነው ያጣበበው።

ይህን ስል ባጃጅ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። በጥርብ ድንጋዩ ዳገት ላይ ላለችው እናት፣ ጤፍ አስፈጭታ ለምትመለሰው፣ ከባጃጅ የተሻለ ነገር የለም። የባጃጅ ቦታው ዳገቱ ነው። ከየሰፈሩ ሰው እያወረደ ለአውቶቡሱ ቢያስረክብ ሁለቱም ሥራ አያጡም።

ታዲያ አውቶቡስ መጣ እንበል። መጥቶስ? እንደ ሚኒባሱ ሞልቶ የሚነሣ ከሆነ ምንም አላተረፍንም። ሚኒባስ ውስጥ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ። አንድ አዛውንት ከፊቴ ተቀምጠው ረዳቱን «ልጄ፣ መቼ ነው የምንነሣው?» አሉት። «ሁለት ሰው ብቻ ቀረን አባባ፣ አብሽሩ» አላቸው። ሁለቱ ሰዎች ገቡ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ማለቱን ቀጠለ። አዛውንቱ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን፤ መኪናው ግን አልተነቃነቀም።

ረዳቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ለባለንብረቱ የሚገባ የዕለት ገቢ አለ፣ ነዳጅ አለ፤ ወንበር ባዶ ይዞ ቢነሣ ከኪሱ ነው የሚጎድለው። የሚባክነው ጊዜ ደግሞ የተሳፋሪው ነውና ማንም አይቆጥረውም። መፍትሔው ተግሣጽ አይደለም፤ የአከፋፈሉን መንገድ መለወጥ ነው። ከተማው አውቶቡሱን በጫነው ሰው ልክ ሳይሆን በሮጠው ኪሎ ሜትርና በሰዓቱ በመገኘቱ ቢከፍለው፣ ሾፌሩ ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይነሣል። የትኬቱ ገንዘብ ለከተማው ይገባል፤ የጎደለውን ከተማው ይሸፍናል። «ከየት አምጥቶ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን መንገድ ለማስፋት ለሚፈርስ ቤት ካሳ፣ ለድጋፍ ግንብም ብር ከየት እንደሚመጣ ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ወደ እግረኛው ልለፍ፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን እግረኛ ነን። ሰኞ ገበያ አካባቢ ከአስፋልቱ ዳር ቁሙና ተመልከቱ። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች፣ በእጇ ዶሮ የያዘች ሴት አንድ እግሯን ታወርዳለች፤ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋባታል፤ ትመልሰዋለች። እንደገና ታወርዳለች። ዜብራው እግሯ ሥር ነው፤ የደበዘዘ ቢሆንም አለ። የጠፋው የሚቆምላት ሰው ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ30 ሲሄድ ከ8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህ እንግዲህ ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ አስፋልቱ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል፤ ደሴ ደግሞ ዝናብ አትቸገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ የሚመክረው በከንቱ አይደለም። ሰሌዳ ላይ 30 ብሎ መጻፍ ግን ማንንም አያዘገይም። የሚያዘግየው ጉብታ ነው፣ ከፍ ያለ መሻገሪያ ነው፣ መታጠፊያውን ማጥበብ ነው። አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል መከለያዎች የእግረኛውን ቦታ አስፍተው ሞክረውታል። ይህ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ሳልጠቅስ ባልፍ የኮምቦልቻ ሰዎች ይቀየሙኛል። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ገደማ የሚወርድ መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ በአብዛኛው ጠመዝማዛው ላይ ነው። አደጋ ሲደርስ «ፍሬን በጥሶ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑ አልተበጠሰም፤ ግሏል። ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ተረግጦ ሲወርድ የፍሬኑ ሸራ እስኪሸት ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። የቆየ ሾፌር በወጣበት ማርሽ የሚወርደው፣ ሞተሩ እንዲይዝለት ነው። ነዳጅ ቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚለቀው ግን የሞተሩን ጉልበት በፈቃዱ ጥሎታል። እኔ ብጠየቅ ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ከባድ መኪና ሁሉ ቆሞ ፍሬኑን የሚፈትሽበት ቦታ አደርግ ነበር። ከታች ደግሞ ሽቅብ የሚወጣ፣ ወፍራም ጠጠር የተነጠፈበት ማምለጫ መንገድ፤ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ገብቶ ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጥበታል። በሌላ አገር ተራራማ መንገዶች ላይ የተለመደ ነገር ነው።

ከሐረጎ ስንወርድ አየሩም ይለወጣል፣ ምድሩም ይተኛል። ደሴ ላይ ብስክሌት ንዱ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ የዳገቱ ነገር ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ካልሆነ አይሆንም። ኮምቦልቻ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሁሉም ለብስክሌት በሚሆን ርቀት ላይ ናቸው። በሽፍት የምትሠራ ወጣት ማታ ስትወጣ ታክሲ ጠፍቶ፣ ባጃጁ የፈለገውን ሲጠራባት፣ ብስክሌት ቢኖራት ቤቷ ቅርብ ነው። የሚያስፈራው ከሚሌ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና ነው። ለዚህ ነው ቀለም የተቀባ መስመር የማይበቃው። ጠርዙ በድንጋይ ካልተከለለ በማግሥቱ የባጃጅ ማቆሚያ፣ በሳምንቱ የሽንኩርት መደብ ይሆናል።

አሁን በየከተማው የኮሪደር ልማት እየተባለ መንገድ ይታረሳል። አገሪቱም ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሆን የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ በወረቀት ላይ እግረኛና ብስክሌት አልተረሱም። መንገዱ ከተቆፈረ አይቀር መሻገሪያው ከፍ ይበል፣ ፌርማታው ጥላ ይኑረው፣ በፌርማታው ላይም አውቶቡሱ የሚደርስበት ሰዓት ይለጠፍ። የዛፍና የመብራቱ ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ለዛሬ ይኸው ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ለመሻገር በጣም የሚያስቸግራችሁን ቦታ በስሙ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አንድ በአንድ አነባቸዋለሁ። ስለ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር የጠየቃችሁኝም አልረሳኋችሁም፤ እሱ ግን ለብቻው አንድ ክፍል ይፈልጋል።