ክፍሉ ሙሉ ነው፤ የሚማረው ስንቱ ነው?

[ስክሪን፦ ከኋላ ረድፍ የተቀረጸ ሌክቸር። ስላይዱ በተቀየረ ቁጥር ስልኮች ብድግ ይላሉ።]

አቴንዳንሱ ተፈርሟል፤ ስላይዱም ፎቶ ተነስቷል። ይሄ ተሳትፎ ይባላል? አይባልም። ለምን እንደማይባል እንይ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ። በብዙ የአገራችን የኮርስ አውትላይኖች 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ማለት የ135 ሰዓት ሥራ ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ሌክቸር ለ16 ሳምንት፣ 48 ሰዓት። የቀረው 87 ሰዓት ከሌክቸር ውጭ ነው፤ በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ቱቶሪያል ወይም ላብ ካለ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ስድስት እንዲህ ያሉ ኮርሶች የያዘ ተማሪ በሳምንት ወደ 50 ሰዓት ሥራ አለበት። ይህን ለፋይናል ሳምንት አጠራቅሞ በሦስት ሌሊት መቸከል አይሆንም።

ሰዓት ብቻውንም አይበቃም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር አስቲን እ.ኤ.አ. በ1984 ተሳትፎን የገለጸው ተማሪው ለትምህርቱ በሚያወጣው የአካልና የአእምሮ ጉልበት ነው፤ በብዛቱም በጥራቱም።

[ስክሪን፦ ላይብረሪ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ተማሪዎች።]

ሁለቱም አራት ሰዓት ተቀምጠዋል። አንዱ ሃንድአውቱን በሃይላይተር እያቀለመ ሦስቴ አነበበው። ሌላዋ አንዴ አነበበች፣ ዘጋችው፣ ያስታወሰችውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ የጎደለውን ከፍታ አየች። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሙከራ ከእነዚህ ጋር የሚቀራረቡ ሁለት መንገዶች ተነጻጽረዋል፦ ደጋግሞ ማንበብና አንብቦ ራስን መፈተን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ እነሱ 42 በመቶውን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታወሱ።

ማታ ቸክሎ ጠዋት የሚፈተን ልጅ «ሠርቶልኛል» የሚለው ለዚህ ነው። በርግጥም ሠርቶለታል፤ ለዚያ ጠዋት። ያው ትምህርት ለሲኒየር ኮርስ መሠረት ሆኖ ወይም በመውጫ ፈተና ሲመጣ ግን እንደ አዲስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ስሜትም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍሎች በተደረገ ጥናት፣ በቡድን ጥያቄ እየሠሩ የተማሩት በፈተና በለጡ፤ ሲጠየቁ ግን የተማሩት ትንሽ እንደሆነ ነው የተሰማቸው። ጥሩ ሌክቸር ሲሰሙ ሁሉም የገባ ይመስላል፤ ራስን ሲሞክሩ ክፍተቱ ይታያል፣ ያ ደግሞ ደስ አይልም።

[ስክሪን፦ አምስት ስም ያለበት የአሳይመንት ሽፋን።]

አሁን ወደ ግሩፕ ሥራ። የሚበላሸው የት ነው? ሰቃዩ ይሠራዋል፣ አራቱ ስም ያስጽፋሉ። ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ማርኩ የጋራ ከሆነና ማንም በግሉ ካልተጠየቀ፣ አንዱ እንዲሠራው መተው አዋጭ ነው። ማስተካከያው ከመምህሩ ይጀምራል፦ ቡድኑ ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጥ፣ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሁሉም ለየብቻው ይሞክር፣ የሚያቀርበው በዕጣ ይለይ፣ ከማርኩም የተወሰነው በግል ጥያቄ ይሰጥ።

ሌክቸሩም ቢሆን በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ይቁም። «ገብቷችኋል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ደቂቃ ለብቻ፣ ሁለት ደቂቃ ከጎን ካለው ጋር፣ ከዚያ እጅ ማውጣት። በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2014 (እ.ኤ.አ.) ሥራ እንዳሳየው፣ በተለመደው ሌክቸር 34 በመቶ ገደማ ተማሪ ሲወድቅ፣ ተማሪውን በሚያሠሩ ክፍሎች የወደቀው 22 በመቶ ገደማ ነው።

ከክፍል ውጭ ያለው ተሳትፎም ሰውን ይቀርጻል። አንድ ክበብ ይበቃል፤ ግን ሥራ ይዛችሁ ግቡ፦ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ አዘጋጅ። አምስት ክበብ ተመዝግቦ ቲሸርት መሰብሰብ ከኋላ ረድፍ መቀመጥ ማለት ነው። ክበቡ የትምህርቱን 50 ሰዓት መብላት ከጀመረ ደግሞ ቀንሱ።

የመጨረሻው የቋንቋ ነገር ነው። ብዙ ተማሪ ዝም የሚለው ጥያቄ ስለሌለው ሳይሆን በእንግሊዝኛ መጠየቅ ስለሚከብደው ነው። ጥያቄውን ቀድማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ከወረቀት አንብቡት። ወደ መምህሩ ለኮንሰልቴሽን ስትሄዱም «ቻፕተር ሦስት አልገባኝም» አትበሉ። የሞከራችሁትን ወረቀት ያዙ፣ የቆማችሁበትን መስመር አስምሩ፣ «እዚህ ድረስ ደርሻለሁ» ብላችሁ ጀምሩ።