ጓጉንቸሩን ዛሬውኑ ይክፈቱት፦ የባሕር ዳር አከራዮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የስልክ ሰዓታችን መስመሩን የሞሉት አከራዮች ነበሩ። አብዛኞቹ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰርቢስ ቤት ሠርተው በዚያ የሚተዳደሩ ናቸው። ጊዜ አጥሮን በወጉ ያልመለስኳቸውን እዚህ ልጨርስ።

ፔዳ አካባቢ የሚኖሩ እናት፦ «አንዷን ክፍል ለአንድ ልጅ አከራየሁ። በቃል ነው የተስማማነው። አምስት ወር አልከፈለኝም። ዛሬ ነገ ሲለኝ ቆይቶ ስልኬንም ማንሳት ተወ። ሥራ ሲሄድ ጠብቄ በሩ ላይ ጓጉንቸር ገጠምኩበት። ፖሊስ ይዞብኝ መጣ። ቤቱ የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ፤ ምን አጠፋሁ?»

እማማ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ነገርዎ ከሐሳቤ አልወጣም። አምስት ወር ለእርስዎ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። እውነቱም ከእርስዎ ጋር ነበር። ጓጉንቸሩ ነው ያበላሸው።

ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ክፍሉን በእጁ የያዘው ግን ልጁ ነው። ኪራይ ባይከፍልም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ በራስ ኃይል አይባረርም። «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ፣ ማለትም በያዝኩት ቤት እንዳልረበሽ ይታዘዝልኝ ብሎ፣ ሊከስዎ ይችላል። ከሳሽ መሆን ሲገባዎ ተከሳሽ ሆነው ይቆማሉ ማለት ነው። መብራትና ውኃ መቁረጥም ያው ነው። ይባስ ብሎ «ውስጥ ላፕቶፕና አርባ ሺህ ብር ነበረኝ» ቢልስ? ቁልፉ በእርስዎ እጅ ስለነበር መልስ የሚጠበቀው ከእርስዎ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይክፈቱት። ብቻዎን ግን አይሁን። ሁለት ጎረቤት ወይም የዕድሩን ዳኛ ይጥሩ፤ ልጁም ይኑር። ፍራሹን፣ ምድጃውን፣ ሻንጣውን አንድ በአንድ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ዕቃውን ሸጦ ዕዳውን ማካካስ የሚባል ነገር እንዳይሞክሩ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡት። የየትኛው ወር ኪራይ፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ላይ ይፈርም፤ እምቢ ካለ ምስክሮቹ ይፈርሙ። ቀኑ ካለፈ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ውዝፉን ይክፈል፣ ቤቱን ይልቀቅ ብለው ሁለቱንም በአንድ ክስ ይጠይቁ።

የቃል ስምምነት መሆኑ አያስፈራዎ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኪራይንም ውል ብሎ ይቀበላል። በባንክ ወይም በቴሌብር የላከልዎ የቀድሞ ክፍያ ማስረጃ ነው። «እማማ፣ ደሞዝ ሲወጣ እከፍላለሁ» ብሎ የጻፈልዎትን መልእክትም እንዳያጠፉት።

ለሌሎቻችሁም ይህን ልንገራችሁ። በይሉኝታ ዝም የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ ልጅ አለው፣ ሥራ አጥቷል እያላችሁ። ደግነታችሁን አልነቅፍም። ግን ሕጉ ሁለት ዓመት ሳይጠየቅ የቆየን የቤት ኪራይ እንደተከፈለ ይገምታል። ጊዜ ስትሰጡትም ዕዳውን አምኖ ይፈርምላችሁ።

ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ አንድ አባት፦ «ለስድስት ወር ብቻ ላከራይ ብል፣ አዲሱ አዋጅ ሁለት ዓመት ግድ ነው ይላል አሉኝ። እውነት ነው?»

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ የቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ። በመርሁ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪም እንደልብ አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ነገር ግን በክልል ከተሞች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ላይ ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ በጎረቤት ወሬ አይመሩ፤ ከመፈራረምዎ በፊት ከተማ አስተዳደሩ የቤቶች ጉዳይ ክፍል ጎራ ብለው ይጠይቁ። ደላላ የሰጠዎትን የውል ወረቀት ሳያነቡም አይፈርሙ።

ቀበሌ 14፣ የሱቅ አከራይ፦ «አዋጁ የሱቅ ኪራይ እንዳልጨምር ይከለክለኛል?»

አይከለክልም፤ እሱ ለመኖሪያ ቤት ነው። እርስዎን የሚገዛዎት ውልዎና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ውሉ ሳያልቅ ግን ብቻዎን ጭማሪ መወሰን አይችሉም። ካለቀ በኋላም ዝም ብለው ኪራይ ከተቀበሉ ኪራዩ እንደቀጠለ ይቆጠራል። ስለዚህ ሊያልቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ሐሳብዎን በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ቅጂውንም አስፈርመው ያስቀምጡ።