ስድሳ ጋሻ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሲኒ ሲንኳኳ ከሰማችሁ እናቴ ናት።

ሰሞኑን ያነበብኩት መጽሐፍ አልለቀኝ ብሏል። ዴንማርካዊቷ ካረን ብሊክሰን ስለ ኬንያ ኑሮዋ የጻፈችው፣ በፈረንጆቹ 1937 የታተመው «አውት ኦፍ አፍሪካ»። ፊልሙን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ እሱን ለጊዜው ተዉት። ጽሑፉ ግን... ምን ልበላችሁ። ንጎንግ ኮረብታ ሥር እርሻ ነበረኝ ብላ ነው የምትጀምረው። «ነበረኝ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ገና ከደጃፉ ታረዳችኋለች።

ካማንቴ የሚባል የኪኩዩ ልጅ አለ። እግሩ ቆስሎ አግኝታው አሳክማው፣ በኋላ ወጥ ቤቷ ይሆናል። ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ስጎዎቹን የሚይዛቸው በተማረበት ቀን በሆነው ነገር ነው፦ ዛፉን የመታው መብረቅ ስጎ፣ የሞተው ግራጫ ፈረስ ስጎ። ብቻዬን ሳቅሁ። እዚያው ታሪክ ውስጥ ይኸው ልጅ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ይጣፍጣል ያለውን፣ ያመጣላታል። ከሰው ጋር የኖረ ውሻ አጥንት አምጥቶ ፊታችሁ እንደሚያስቀምጠው ነው፣ ትላለች። በፍቅር ነው እኮ የምትለው! ክፋት ቢኖራትማ መጽሐፉን ዘግቼ እገላገል ነበር።

እርሻው 6,000 ኤከር ነው፤ በኛ ስድሳ ጋሻ ይሆናል። ኪኩዩዎቹ ከዚያ ላይ አሥር ጋሻ ያህል ይዘው በዓመት 180 ቀን በጥቂት ሽልንግ ይሠሩላታል። እንግሊዝኛው «ስኳተር» ይላቸዋል። እኔ የመጣልኝ ጭሰኛ ነው። አያቴ አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበሩ፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ሲሶውን ለባለመሬቱ ሲሰፍሩ የኖሩ ሰው። «ጭሰኞቼ» ባለች ቁጥር ታዲያ እኔ ከየትኛው ወገን ቆሜ እንደማነብ ይገባችኋል።

አላየችም እንዳልል ደግሞ አይታለች። ብዙዎቹ እዚያው መሬት ላይ እንደተወለዱ፣ አባቶቻቸውም እንዲሁ፣ ራሷ ጽፋዋለች። እኔንም እንደ ትልቅ ጭሰኛ ሳይቆጥሩኝ አይቀሩም ትላለች፣ ፈገግ እያለች። ከዚያ ወደ ሌላ ጨዋታ። (ባሏንም እንዲሁ ዘላዋለች ማለት ይቻላል፤ እሱስ የራሷ ጉዳይ ነው።)

መጨረሻው ላይ እርሻው ይከስራል፣ ይሸጣል፣ አዲሱ ባለቤት ጭሰኞቹን ሊያስነሳ ነው። ያኔ ነው ያን ሁሉ ሳነብ የጠበቅሁትን የጻፈችው፦ ሰውን መሬቱን ስትወስድበት ያለፈ ዘመኑንም፣ ሥሩንም ነው የምትወስድበት። ቢሮ ለቢሮ ተንከራታ አንድ ላይ የሚሰፍሩበት መሬት ታስፈቅድላቸዋለች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ይህን ለማየት ሌላ ገዢ መምጣት ነበረበት?

ትናንት ይህን ቦታ በአማርኛ እየመለስኩ ለእናቴ አነበብኩላት። አቦሉን እየቀዳች ሰማችኝ።

«ለመነችላቸው?» አለች።

«አዎ።»

«ደግ አደረገች። እሷ እያለችስ፣ ከመቶ ሰማንያው ቀን ቀንሳላቸው ታውቃለች?»

የምመልሰው አጣሁ። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ጀበናውን መልሳ ከሰሉ ላይ ጣደች፣ ለቶናው።