የአባቴ ስቴንት እና የአክስቴ ክኒን

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ የማወራው ስለ ሁለት ልቦች ነው። ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤታችን፣ አባቴና ታናሽ እኅቱ ቡና በሚጠጡበት ጠረጴዛ ላይ፣ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉባቸው ሁለት የክኒን ሣጥኖች አሉ። አባቴ የልቡ ደም ሥር ጠቦ ስቴንት፣ ማለትም ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ፣ የገባለት ሰው ነው። አክስቴ ደግሞ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አለባት፤ የልቧ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባቴ «ብረት አስገብተውልኛል» እያለ ሽቦው የገባበትን የእጅ አንጓውን ያሳያል፤ እሷ ግን ሕክምናው ያነሰባት ይመስል «እኔማ ክኒን ብቻ ነው የሰጡኝ» ትላለች።

እኔም ለረጅም ጊዜ የእሱ በደንብ የታከመ፣ የእሷ ግን በይደር የቆየ ይመስለኝ ነበር። ሃርት አታክ በያዘው ሰው ላይ የተዘጋውን ደም ሥር ፈጥኖ መክፈት ሕይወት ያተርፋል፤ የአባቴ ግን ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘው፣ አረፍ ሲል የሚለቀው ሕመም ነበር። እንዲህ ያለውን የረጋ ሕመም በተመለከተ፣ በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ከሬጅ የተባለው ጥናት 2,287 ሕሙማንን፣ በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ ደግሞ 5,179 ሕሙማንን ተከታትለው፣ በደንብ በሚወሰድ መድኃኒት ላይ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና መጨመሩ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ሕመሙን ግን ያስታግሳል። እንግሊዝ አገር ውስጥ 301 ሕሙማንን አስተኝተው ለከፊሎቹ ብቻ ስቴንት ያስገቡት፣ ሌሎቹን ግን ያስገቡላቸው አስመስለው የመለሱት ተመራማሪዎች፣ በ2023 ባወጡት ውጤት ስቴንቱ የደረት ሕመምን በእርግጥ እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። ያንን ዓይነት ሙከራ የፈቀዱትን ሕሙማን ሳላደንቅ አላልፍም። እንግዲህ አባቴ ደረጃውን ሳያርፍ የሚወጣው በስቴንቱ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውን የሚጠብቁለት ግን በዚያ ሣጥን ውስጥ ያሉት የኮሌስትሮል መድኃኒትና አስፕሪን ናቸው።

የአክስቴ ሕመም የሚለካው በሌላ ሚዛን ነው። የሚርገበገበው የልብ ክፍል ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። ደም ማቅጠኛ ይህን አደጋ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ «ክኒን ብቻ» ያለችው ነገር ከአባቴ ብረት የበለጠ ሥራ እየሠራ ነው። ልጆቿ «ለምን አብሌሽን አይሠራላትም?» ብለው ነበር፤ ምቱን የሚያዛባውን የልብ ክፍል በቀጭን ቱቦ ገብቶ በማቃጠል ወይም በማቀዝቀዝ የሚሠራ ሕክምና ነው። በ2019 የታተመውና 2,204 ሰዎች የተሳተፉበት ካባና የተባለው ጥናት፣ አብሌሽን ከመድኃኒት ይልቅ የልብ ምቱን እንደሚያረጋጋና ኑሮን እንደሚያቀል ቢያሳይም፣ ሞትንና ከባድ ስትሮክን ጨምሮ በተለካው ዋና ውጤት ግን ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በልብ ድካም ለተያዙት ነገሩ ሌላ ነው፤ እሷ ግን የልብ ድካም የለባትም።

ባለፈው ዓመት ምቷ በመድኃኒት ተስተካከለ፤ ጣቷን አንጓዋ ላይ አድርጋ እየቆጠረች «ይኸው እንደ ሰዓት ሆነ፤ ታዲያ ይህን ማቅጠኛ ምን አስዋጠኝ?» አለችኝ። እኔም፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ እውነቷን ነው ብዬ ነበር። ሐኪሟ ግን ውሳኔው የሚመዘነው ዛሬ ባለው ምት ሳይሆን በዕድሜዋና በደም ግፊቷ መሆኑን አስረዱን። በ2002 የወጣው አፈርም የተባለው ጥናት ላይ ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ያቆሙ ወይ ደማቸው በበቂ ያልቀጠነ እንደነበሩ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ከተረዳች ወዲህ አክስቴ ለክኒኑ ያላት ፍቅር ልክ አጣ። ደሴ ያለችው የዘመዳችን ልጅ በሩማቲክ ሕመም የልቧ ቫልቭ ጠቦ ያው ፊብሪሌሽን ስላለባት፣ «ከእኔው ማቅጠኛ፣ ከሪቫሮክሳባኑ ላይ ቀንሰን እንላክላት፤ የእሷ ዋርፋሪን እኮ የድሮ ነው» ብላ ማሸግ ጀመረች። አስቆምኳት። በ24 አገሮች ሩማቲክ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተካሄደውና በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት፣ የድሮውን ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት መካከል ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሱ ሰዎች እንደሞቱ አሳይቷል። ክኒኑ ከሻንጣው ወጣ፤ አሁን የምንልከው ዋርፋሪኑ ደሟን ምን ያህል እንዳቀጠነው ለሚለካው የአይ ኤን አር ምርመራ የሚከፈለውን ገንዘብ ነው። በየወሩ ደውላ «ስንት ሆነ? ከ2 እስከ 3 ነው?» ብላ የምትጠይቃትም አክስቴ ናት።